የባንክ ዕዳ ያለበትን ቤት በፍቺ ለሚካፈሉ፦ አዳማ ላለች ጠበቃ ምስጋናና ጥቆማ

በቤት ብድር ሥራ ላይ የተሰማራን ባልደረቦች አዳማ ለሚሠሩ አንዲት ጠበቃ ምስጋናችንን እናቀርባለን። ስማቸው በአደባባይ እንዲወጣ ስላልፈለጉ ለጠየቀን በውስጥ መስመር እንሰጣለን። እሳቸው ያዘጋጁት የንብረት ክፍፍል ስምምነት ባንክ ደርሶ «አስተካክላችሁ አምጡ» አይባልም።

ብዙ ሰው ፍርድ ቤት «ቤቱም ዕዳውም ለሚስት» ብሎ ካጸደቀ ነገሩ ያለቀ ይመስለዋል። አላለቀም። ባል የብድር ውሉ ላይ ፈርሞ ከሆነ፣ ባንኩ ተስማምቶ ውሉ እስኪሻሻል ድረስ ተበዳሪ ነው፤ እሷ ክፍያ ብታቋርጥ እሱም ይጠየቃል። ባንክ ደግሞ በአዋጅ ቁጥር 97/1990 መሠረት የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ መያዣውን በሐራጅ መሸጥ ይችላል።

ጠበቃዋ ከሁሉ በፊት የሚያስመጡት የቀሪ ዕዳ ደብዳቤ ነው፤ ዋናው ገንዘብ፣ ወለዱና ቅጣቱ ተለይቶ፣ እስከ መቼ የተሰላ እንደሆነ ቀኑ ተጽፎ። ሒሳቡ የሚበላሸው እዚህ ላይ ነውና። ቤቱ 6,000,000 ብር ቢገመትና 2,200,000 ብር ዕዳ ቢኖርበት፣ ለሁለት የሚካፈለው 3,800,000 ነው። ቤቱን ከነዕዳው የሚረከብ ወገን ለሌላው 1,900,000 ይከፍላል እንጂ 3,000,000 አይከፍልም። «የቤቱን ግማሽ ዋጋ ይከፍላል» ብሎ የሚያልፍ ስምምነት አፈጻጸም ላይ ሌላ ክርክር ይወልዳል።

ስሙ እስኪዛወር ድረስ የየወሩን ክፍያ ማን እንደሚከፍል፣ ሌላው ቢከፍልለት ከማን ድርሻ እንደሚታሰብም ይጽፋሉ። ይህን የሚዘሉ ጠበቆች ሞልተዋል፤ ለምን እንደሆነ አይገባንም።

ስም ራሱ ጣጣ አለው። ካርታው በአፋን ኦሮሞ በቁቤ፣ የብድር ውሉ በአማርኛ ወይም በእንግሊዝኛ ሊሆን ይችላል። የአያት ስም ላይ የአንድ ፊደል ልዩነት ካለ ፋይሉ መሬት አስተዳደር ይቆማል። እሳቸው መታወቂያውን፣ ካርታውን፣ ውሉንና ፍርዱን ጎን ለጎን ዘርግተው ሳያመሳክሩ ማንንም አያስፈርሙም።

ከዚያ የፍርዱ ግልባጭ ወደ ባንክ ይሄዳል። ባንኩ፣ ቤቱን ለራሱ የሚያስቀረውን ሰው ገቢ ብቻውን ይመዝናል፤ ካልበቃ ተጨማሪ ተበዳሪ ወይም ዋስ ይጠይቃል፤ እሱም ከሌለ በባንኩ ፈቃድ ሸጦ፣ ዕዳውን ከፍሎ፣ የተረፈውን መካፈል ነው የሚያዋጣው። ካርታው ላይ መያዣ ስለተመዘገበ ያለ ባንኩ ደብዳቤ ስም አይዛወርም። አዲሱ ካርታ ሲወጣ መያዣው እንደገና ይመዘገባል፣ የቤቱ መድንም በአዲሱ ባለቤት ስም ይስተካከላል።

ክፍያቸውን አስቀድመው በጽሑፍ ውል ያሳውቃሉ። ጠዋት ችሎት ስለሚውሉ ስልክ አያነሱም፤ ከሰዓት በኋላ ሞክሩ። ስትሄዱ የካርታ፣ የብድር ውል፣ የጋብቻ ማስረጃና የቅርብ ጊዜ የክፍያ ደረሰኝ ኮፒ ያዙ።