ወንድምጋሼን ዐይን ክሊኒክ የወሰድኩ ቀን

ወንድምጋሼ ጅማ መርካቶ ልብስ ሰፊ ነበር። መጀመሪያ ማታ ማታ ማየት አቃተው። ቀጥሎ የጎን እይታው ጠበበ። አሁን በቧንቧ ውስጥ እንደማየት ነው ይላል። የሬቲናን (ከዐይን ውስጥ በስተኋላ ያለው ስስ ሽፋን) ብርሃን ተቀባይ ሴሎች ቀስ በቀስ የሚገድል፣ በዘር የሚመጣ በሽታ ነው ተባልን።

ባለፈው ውጭ ያለ ዘመዳችን ደውሎ «ዐይን ውስጥ ተወግቶ በብርሃን የሚሠራ መድኃኒት ወጥቷል» አለን። በነጋታው ብር ቋጥረን ክሊኒክ ሄድን።

ካርድ ክፍሉ ያማርራል። ከጠዋቱ 2 ሰዓት ደርሰን የተጠራነው 6 ሰዓት ተኩል ላይ ነው። ወረፋ የሚያስከብር የለም፤ ገፋ ያደረገ ይገባል።

ዶክተሩ ግን ሌላ ናቸው። የማዘዣ ወረቀት ገልብጠው ሬቲናን ሣሉልን። መድኃኒቱ የሞቱትን ሴሎች አያስነሳም፤ ወደ አንጎል መልእክት የሚልኩት፣ በሕይወት ያሉት ውስጥ ይገባል። ብርሃን ሲያርፍበት ቅርጹን ይቀይራል፣ ሴሉም ይነቃል። አውስትራሊያ ውስጥ በ6 ሰዎች ተሞክሯል፤ ገበያ ላይ ግን የለም።

«6 ሰው ላይ ከሠራ ምን ይጠበቃል?» አልኩ። ሳቅ አሉ። የመጀመሪያው ሙከራ ዋና ጥያቄ «ያያል ወይ?» ሳይሆን «ይጎዳል ወይ?» ነው አሉኝ። ጨለማ ውስጥ ምንም የማያደርግ መድኃኒት ብርሃን ሲነካው ሊጎዳ ስለሚችል፣ በእንስሳት ዐይን ሲፈተሽ በብርሃንም በጨለማም መታየት አለበት። ሬቲናው ለብርሃን የሚሰጠው የኤሌክትሪክ ምላሽ ይለካል። የሬቲናው ንብርብር ሳስቶ እንደሆነ በኦሲቲ፣ ማለትም ንብርብሩን በብርሃን በሚያነሳ መሣሪያ፣ ይታያል። መርፌው ራሱም የዐይን ግፊት ሊጨምር፣ ዐይኑን ሊያስቆጣ ይችላል።

ከዚያ ወደ ወንድምጋሼ ዞሩና «የቀረችህን እይታ ቁማር አናስይዛትም» አሉት። እሱም ጭንቅላቱን ነቀነቀ። ተስፋ ሸጠው ብራችንን መቀበል ይችሉ ነበር። የተቀበሉን የምርመራውን ብቻ ነው። ኦሲቲ አነሱት፤ ወደፊት ከዛሬው ጋር የሚነጻጸር ምስል እንዲኖረው።

አንድ ቅሬታ ልጨምር። የዐይን ብሌን የሚያሰፋ ጠብታ ከጨመሩለት በኋላ ፀሐይ እንደሚያስቸግረው የነገረን የለም። በር ላይ ስንደርስ ዐይኑን ጨፍኖ ቆመ። ጃኬቴን አከናንቤ ባጃጅ ውስጥ አስገባሁት። ሹፌሩ በመስታወት አየንና «ምን አድርጎ ነው የያዝከው?» አለኝ። ወንድምጋሼ ከጃኬቱ ስር ሳቀ።

ከ5 ኮከብ 4። አንዱ በካርድ ክፍሉ ሄዷል። ኮፍያና ጥቁር መነጽር ይዛችሁ ሂዱ።