ለሃይድሮጅን ሰልፋይድ የትኛው ሴንሰር? ካታሊቲክ፣ ኤሌክትሮኬሚካል ወይስ ኢንፍራሬድ

ሃይድሮጅን ሰልፋይድ ይመርዛል፤ ይቀጣጠላልም። ብዙ ገዢ የሚሳሳተው ሁለቱን አደጋዎች አንድ ሴንሰር የሚለካቸው እየመሰለው ነው። ጋዙ እሳት ለመያዝ ከአየሩ 4 በመቶ መድረስ አለበት፤ ይህ 40,000 ፒፒኤም (ከአንድ ሚሊዮን የአየር ክፍል 40,000ው) ነው። ወዲያውኑ ለሕይወት አስጊ ተብሎ የተመደበው መጠን ግን 100 ፒፒኤም ብቻ ነው። በአፍንጫ መተማመንም አይቻልም፤ በዚሁ መጠን አካባቢ ማሽተት ይደነዝዛል።

ካታሊቲክ፦ ጋዙን በጋለ ዶቃ ላይ እያቃጠለ ተቀጣጣይነትን የሚለካ ነው። ማንቂያው እንደተለመደው ከዝቅተኛው የመቀጣጠያ ወሰን (ከላይ ካልነው 4 በመቶ) 10 በመቶ ላይ ቢደረግ፣ ለዚህ ጋዝ 4,000 ፒፒኤም ማለት ነው። ደወሉ እስኪጮኽ ሠራተኛው ወድቋል። ጋዙ ራሱ ሴንሰሩን ያዳክመዋል፤ የሲሊኮን ቅባትና ማሸጊያ ትነት ደግሞ ጨርሶ ይገድለዋል። ከሁሉ የሚከፋው፣ የሞተው ሴንሰር ዜሮ እያነበበ ጤነኛ መምሰሉ ነው። ኦክስጅን ሲያንስም አሳንሶ ያነባል።

ኤሌክትሮኬሚካል፦ ጋዙ ከውስጡ ኬሚካል ጋር ሲገናኝ በሚፈጠረው ኤሌክትሪክ ይለካል። ገንዘብ መጀመሪያ የሚወጣው እዚህ ላይ ነው። ከ0 እስከ 100 ፒፒኤም የሚለካ፣ 5 እና 10 ላይ ማንቂያ የሚሞላለት ይመረጥ። ዕድሜው አብዛኛውን ጊዜ ከ2 እስከ 3 ዓመት ነው፤ ደረቅና ሞቃት አየር ውስጡን ያደርቀዋል። ካርቶን ውስጥም ስለሚያረጅ መለዋወጫ አታከማቹ፤ ስትገዙ የተመረተበትን ቀን እዩ።

ኢንፍራሬድ፦ ጋዙ በሚመጥጠው የማይታይ ብርሃን ይለካል፤ ኦክስጅን አይፈልግም፣ አይመረዝም። የተለመደው ዓይነት ግን የተሠራው ለሚቴንና ለመሰሎቹ ነው፤ ለሃይድሮጅን ሰልፋይድ አይሆንም። ፍሳሽ ማጣሪያና ባዮጋዝ ጣቢያ ላይ፣ ሚቴንም ስላለ፣ በካታሊቲኩ ቦታ ቢገባ ዋጋውን ያወጣል።

ጉድጓድና ታንክ ለሚገባ ሠራተኛ ምርጫችን አራት ጋዝ የሚለካው ባለፓምፕ ተንቀሳቃሽ መሣሪያ ነው፦ ሃይድሮጅን ሰልፋይድና ካርቦን ሞኖክሳይድ በኤሌክትሮኬሚካል፣ ኦክስጅን፣ እንዲሁም ተቀጣጣይ ጋዝ። ፓምፑ ሰው ከመግባቱ በፊት በቱቦ ከላይ፣ ከመሃልና ከታች ናሙና ለመሳብ ነው። ግድግዳ ላይ የሚተከል ከሆነ ወደ ወለሉ ይጠጋ፤ ጋዙ ከአየር ይከብዳል።

የመሞከሪያ ጋዙን ከመሣሪያው ጋር አብራችሁ እዘዙ። በየቀኑ ሥራ ከመጀመሩ በፊት 25 ፒፒኤም ጋዝ ነፍታችሁ ማንቂያው መጮኹን አረጋግጡ። ሬጉሌተሩ (የጋዝ ሲሊንደሩ ግፊት መቆጣጠሪያ) አይዝጌ ብረት፣ ቱቦው ቴፍሎን ይሁን። ናስና ተራ ጎማ ጋዙን ስለሚመጥጡት ንባቡ ይወርዳል፤ ጤነኛው ሴንሰር ተበላሸ ተብሎ ይጣላል። ሲሊንደሩም የአገልግሎት ቀኑ ካለፈ ተመሳሳይ ችግር ያመጣል።