ራሴ የገጣጠምኩት አውሮፕላን ወንበርና ምንጣፍ፦ ከ14 ወር በኋላ

ስለ ሞተሩ የማይጠይቀኝ ሰው የለም። ስለ ወንበሩ የጠየቀኝ ግን እስካሁን የለም። በ14 ወር ውስጥ 130 ሰዓት የተቀመጥኩት ግን ወንበሩ ላይ ነው። ስለዚህ ዛሬ የምጽፈው ስለ ውስጡ ነው።

አውሮፕላኑ አርቪ-7 ነው። በአሜሪካ ኦሪገን ያለው ቫንስ ኤርክራፍት ገዢው ራሱ በሚገጣጥመው ኪት የሚሸጠው፣ ሁለት ሰው ጎን ለጎን የሚያስቀምጥ ትንሽ አውሮፕላን። ዴንቨር አጠገብ ባለ ሃንጋር (የአውሮፕላን ማደሪያ) ውስጥ ቅዳሜና እሁድን ይዤ ስድስት ዓመት ሠራሁት። ላሜራው ተመትቶ፣ ሞተሩ ተነስቶ፣ የሙከራ በረራው ሲያልቅ ውስጡ ገና ባዶ አልሙኒየም ነበር። ያኔ ነው ተቆርጦና ተሰፍቶ የሚመጣውን የውስጥ ዕቃ ያዘዝኩት፦ ሁለት ወንበር፣ የጎን መሸፈኛ፣ የወለል ምንጣፍ፣ ከምንጣፉ ሥር የሚነጠፍ የድምፅና የብርድ መከላከያ፣ የዳሽቦርዱ የላይ ልብስ። የሻጩን ስም አልጠራም። የገጠመኝ ነገር በማንኛውም ዕቃ ላይ ሊገጥማችሁ ይችላል።

ካርቶኑን ከፍቼ መጀመሪያ ያደረግሁት ሁሉንም ሚዛን ላይ ማውጣት ነው። 24 ፓውንድ፣ 11 ኪሎ ገደማ። ለመኪና ይሄ ምንም አይደለም። ለአርቪ-7 ግን 24 ፓውንድ ማለት 4 ጋሎን ቤንዚን ነው፤ የግማሽ ሰዓት ያህል በረራ። ከወንበሩ ኋላ የሚነጠፈውን ወፍራም ምንጣፍ እዚያው ካርቶኑ ውስጥ ተውኩት። እስካሁንም አልናፈቀኝም። የቀረውን ከገጠምኩ በኋላ አውሮፕላኑን እንደገና መዝኜ የክብደቱን ሂሳብ አስተካከልኩ። ይሄን አትዝለሉት።

ወንበሩ ከሁሉ የተሻለው ነው። ስፖንጁ ተራ ስፖንጅ አይደለም፤ በሰውነት ሙቀት እየለሰለሰ ቅርፃችሁን የሚይዝ፣ ድንገት ሲመታ ግን የሚጠነክር ዓይነት ነው። ጥንካሬው በቀለም ይለያል፦ ሮዙ ለስላሳ፣ ሰማያዊው መካከለኛ፣ አረንጓዴው ጠንካራ። የኔ አረንጓዴው ከታች፣ ሮዙ ከላይ ነው። በበጋ ሦስት ሰዓት በርሬ ወገቤን ሳልይዝ ወርጃለሁ። በፊት እንዲህ አልነበረም።

ታኅሣሥ ሲገባ ነገሩ ተለወጠ። ሃንጋሩ ማሞቂያ የለውም። ይሄ ስፖንጅ ደግሞ ብርድ ሲነካው እንጨት ይሆናል። ጠዋት ስቀመጥ ሳንቃ ላይ የተቀመጥኩ መሰለኝ። ከሃያ ደቂቃ በኋላ በሰውነቴ ሙቀት ለሰለሰና ወደ ታች ሰጠምኩ። ከመሬት ስነሳ ከአውሮፕላኑ አፍንጫ በላይ አሻግሬ አየው የነበረው መሬት ግማሹ ጠፋ! መቀመጫው ተጣብቆ በሚላቀቅ ቬልክሮ ብቻ ስለተያዘ ግን መፍትሔው ቀላል ሆነ። ክረምቱን በሙሉ ከበረራ በፊት ማታ ነቅዬ ቤት ወስጄዋለሁ። የወንበር ከፍታ ስትለኩም ሃያ ደቂቃ ከተቀመጣችሁ በኋላ ለኩ። በጭንቅላታችሁና ከላይ ባለው መስታወት መካከል ቢያንስ አራት ጣት ይቅር።

አሁን ወደሚያናድደኝ ልምጣ። ከምንጣፉ ሥር የሚነጠፈው መከላከያ በማስቲሽ ይለጠፍ ይላል መመሪያው። እኔም እንደተባልኩት ለጠፍኩት። ሲያዩት ያምራል፣ ድምፁንም በእርግጥ ቀንሶታል። ዓመታዊ ምርመራው ሲደርስ ግን የወለሉ መክፈቻ ብሎኖች በሙሉ ከሥሩ ተቀብረዋል። አውሮፕላኑን ራሴ ስለሠራሁ ምርመራውን ራሴ እንዳደርግ ፈቃድ አለኝ፤ ኃላፊነቱም የራሴ ነው። ሁለት ቀን ሙሉ በፕላስቲክ መፋቂያ ስፍቅ ዋልኩ። በቀኝ በኩል፣ ተሳፋሪ እግሩን የሚያሳርፍበት ጋ፣ መከላከያው እርጥብ ነበር። በረዶ በጫማ ገብቶ፣ ቀልጦ፣ መውጫ አጥቶ እዚያው ተኝቷል። ሥሩ ያለው ላሜራ ላይ፣ ላሜራውን የሚያያይዙ ሁለት ሪቬቶች ዙሪያ፣ ነጭ ዱቄት የመሰለ ነገር አገኘሁ። የአልሙኒየም ዝገት ነው። ገና ላይ ላዩን ስለነበር አጽድቼ ቀባሁት። አንድ ክረምት ቢጨመርበት ምን ይሆን እንደነበር ሳስበው አሁንም ይከነክነኛል። የማይነሳ ነገር አውሮፕላን ወለል ላይ አትለጥፉ። አሁን መከላከያው ተቆራርጦ፣ ሳይለጠፍ ነው የተነጠፈው፤ ምንጣፉ ከላይ ይይዘዋል። በአምስት ደቂቃ ይወጣል።

የተበላሸውን የምንጣፍ ክፍል ለመተካት ከሠፈር ሱቅ ርካሽ ምንጣፍ ገዝቼ ነበር። ፋብሪካ የሠራው አውሮፕላን ጨርቁ የእሳት ፈተና ማለፍ አለበት፤ እኛ ራሳችን የምንሠራው ላይ ግን ግዴታው የለም። ቢሆንም ውጭ ወጥቼ ቁራጩን በሽቦ ቁልቁል ሰቀልኩና 12 ሰከንድ እሳት አስነካሁት። እሳቱን ካነሳሁ በኋላም መንደዱን ቀጠለ። ፕላስቲኩ እየቀለጠ፣ እየነደደ መሬት ላይ ተንጠባጠበ። ካዘዝኩት የውስጥ ዕቃ ጋር የመጣውን ቁራጭ በዚያው መንገድ ሞከርኩት፤ ጠቁሮ ወዲያው ጠፋ። በዚህ በኩል ሻጩን አመሰግናለሁ። የሠፈሩን ምንጣፍ ጣልኩት።

እማዬ በግንቦት ከጎንደር መጥታ ይዣት ወጣሁ። ክንፉ ላይ ስትወጣ ደግፌያት ገባች፤ ማንም ሲገባ መቀመጫውን ይረግጣል፣ ስለዚህ ነጭ ቆዳ አትምረጡ። ሕጉ ተሳፋሪ እንዲያየው የሚያስገድደውን ማስጠንቀቂያ በአማርኛ አነበብኩላት፦ ይህ አውሮፕላን በአማተር የተሠራ ነው፣ ለመደበኛ አውሮፕላን የወጣውን የደህንነት ደንብ አያሟላም። (ያዘዝኩት መሸፈኛ የድሮውን ጽሑፍ ስለደፈነው አዲስ ማሠራት ነበረብኝ።) «አንተ ነህ የሠራኸው?» አለችኝ። «አዎ እማዬ።» «እንግዲያው ምን አስጨነቀህ ልጄ፣ ተነሳ።»

ቀበቶዋን ላስር ስጎነበስ የነጠላዋ ጥለት የምንጣፉ ጠርዝ ላይ የወጣውን ቬልክሮ ይዞ አየሁ። ሌላው ጫፍ የመሪው ዱላ አጠገብ ነበር። ቀስ ብዬ ክር በክር አላቀቅኩትና ነጠላውን አጣጥፌ ከኋላ አስቀመጥኩ። በማግስቱ ሸካራው የቬልክሮ ክፍል ከምንጣፉ ጠርዝ ሁለት ጣት ወደ ውስጥ እንዲገባ አድርጌ እንደገና ሠራሁት።

የዳሽቦርዱ ልብስ ግራጫ ነበር፤ ፀሐይ ላይ ምስሉ ከፊት መስታወቱ ውስጥ ይታየኛል። በማያብለጨልጭ ጥቁር ቀየርኩት። የጎን ኪሱ መዝጊያ ደግሞ ማግኔት አለው። ወደ ኮምፓሱ ሳስጠጋው መርፌው ዞረ። በስፌት ቁልፍ ተካሁት።

ወንበሩንና የጎን መሸፈኛውን ደግሜ እገዛለሁ። የወለሉን አልገዛም፤ ራሴ እቆርጣለሁ። እማዬ ጥቅምት ላይ ተመልሳ ትመጣለች። ባለፈው በመስኮቱ ለማየት አንገቷን ስትመዝ ነበር የዋለችው፣ ስለዚህ በዚህ ሳምንት ከአረንጓዴው ስፖንጅ ሦስት ጣት የሚሆን ተጨማሪ መቀመጫ እየሰፋሁላት ነው።