ቬንትሌተር ወይስ እርጥብ ነጠላ?

ሰመራ ላይ በሰኔ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ያልፋል። ሰው መጀመሪያ የሚሮጠው ወደ ቬንትሌተር ነው። ቬንትሌተር ግን አየሩን ያንቀሳቅሳል እንጂ አያቀዘቅዝም። ቀዝቀዝ የሚለን ላባችንን ቶሎ ስለሚያደርቅልን ነው። ከ40 ዲግሪ በላይ ሲሆን የሚነፍስብን አየር ከሰውነታችን የባሰ ትኩስ ነው። የዓለም ጤና ድርጅትም ያኔ ቬንትሌተር ሰውነትን እንደሚያሞቅ ያስጠነቅቃል። መብራት ከጠፋማ አለቀ።

እርጥብ ነጠላ መብራት አይፈልግም። ውሃ ውስጥ ነከር፣ ጨመቅ፣ አንገትና ክንድ ላይ ጣል። ሲደርቅ እንደገና። ውሃው ሲተን የሰውነትን ሙቀት ይዞ ይሄዳል። በተለይ ለአዛውንቶች ትልቅ ነገር ነው፤ ዕድሜ ሲገፋ ላቡም ጥማቱም ይቀንሳልና። እማማ "አልጠማኝም" ቢሉም ብርጭቆውን እጃቸው ላይ እናድርግላቸው።

የነጠላው ድካም ወበቅ ላይ ነው። እንደ ጅዳና ዱባይ አየሩ እርጥበት ሲሞላው ጨርቁ ቶሎ አይደርቅም፣ ያን ያህልም አያቀዘቅዝም። እዚያ ያላችሁ እህቶቼ፣ ሙቀቱ ከ40 በታች ከሆነ ሁለቱንም አንድ ላይ ተጠቀሙ።

ለደረቁ የአፋር ሙቀት እኔ ነጠላውን እመርጣለሁ። ሰው ንግግሩ ከተምታታ ወይም ራሱን ከሳተ ግን ወደ ጥላ ወስዶ፣ ገላውን በውሃ እያራሱ በፍጥነት ሐኪም ቤት ማድረስ ነው።