የፒያሳ–አዘዞ ሚኒባስ፦ ሾፌሩ ይመስገን፣ ረዳቱ ይመከር

ጎንደር ውስጥ ከፒያሳ አዘዞ በሚኒባስ እመላለሳለሁ። ሰሞኑን ማራኪ ላይ የተሳፈሩ ወጣቶች ዘፈን በስልክ ለቀው ታክሲውን አደነቆሩት። አንዲት እናት «ልጆቼ፣ ቀንሱልኝ» ቢሏቸው ሳቁባቸው። ሾፌሩ ዳር ይዞ ቆመ። ድምፁን ሳያነሳ «ወይ ዝጉት፣ ወይ ሂሳባችሁን ተቀብላችሁ ውረዱ» አላቸው። ዘጉት። አልተሳደበም፣ ገንዘባቸውንም ልብላ አላለም፤ ሾፌር እንዲህ ሲሆን ይከበራል።

ያናደደኝ ረዳቱ ነው። ጥግ ላይ ዝም ብሎ የተቀመጠውን ሊስትሮ ልጅ «አንተም ከነሱ ነህ» ብሎ ክንዱን ይዞ ሊያወርደው! ልብሱ ስላደፈ ብቻ። ተሳፋሪው ሁሉ ጮኸ፤ ሾፌሩም «ተወው፣ ከፍሏል» አለ። ባለንብረቱ ረዳቱን ይምከርልን፤ ሲመሽ ልጅን መሃል መንገድ ላይ ማውረድ አደጋ ነው።