አራተኛ ፎቅ ላይ 14 ወር፦ ደሴ የገዛነው አፓርታማ እንዴት ነው?

ደሴ ውስጥ ሱቅና መኖሪያ አንድ ላይ ያለበት ህንጻ ላይ ባለሁለት መኝታ ቤት ገዝተን ከገባን 14 ወር ሆነን። ምድር ላይ ሱቆችና ካፌ አሉ፣ አንደኛ ፎቅ ቢሮ ነው፣ ከዚያ በላይ መኖሪያ። እኛ አራተኛ ላይ ነን። «ይመቻል ወይ?» የሚለኝ ሰው ስለበዛ የኖርኩትን ልጻፈው።

ዳቦ፣ ወተት፣ መድኃኒት፣ የልጆች ደብተር፣ ሁሉም ከደረጃው ስር ነው። የደሴን የክረምት ዝናብና ጭቃ የሚያውቅ ይሄ ምን ያህል እፎይታ እንደሆነ ይገባዋል። የባጃጅ ወጪዬ ቀንሷል። አምሽቼ ስመጣም ታች መብራትና ሰው ስላለ አልፈራም።

ትልቁ ጉድለቱ ማጀት ነው። እንጀራ የት ይጋገር? ኩሽናው አንድ ሰው ሲገባበት ይሞላል። የኤሌክትሪክ ምጣድ ከ3 እስከ 4 ኪሎ ዋት ይስባል። ቅዳሜ ጠዋት ሦስት አራት ቤት አብሮ ሲጋግር፣ የካፌው ማሽን ሲጨመርበት ብሬከሩ ይወድቃል። ስለዚህ ተራ አወጣን፤ የእኔ ረቡዕ ማታ ነው። በርበሬ ማስጫም የለም። እማዬ ዕድሜዋን ሙሉ ግቢ ላይ ጅባ አንጥፋ ነው ያሰጣችው። አምና በረንዳ ላይ ብታሰጣ ነፋስ አንስቶ ታች ሱቅ ደጃፍ ላይ በተነው። ዘንድሮ ኮምቦልቻ እህቴ ጋ ወሰደችው። እዚያ ከደሴ 600 ሜትር ገደማ ዝቅ ስለሚል ይሞቃል፣ ግቢም አለ።

ውሃ በፈረቃ መሆኑን ለምደነዋል። ወደ ላይ የሚገፋው ፓምፕ ግን በመብራት ነው የሚሠራው። መብራት ከሄደ ውሃም አብሮ ይሄዳል። ጣሪያ ላይ ሮቶ ከተቀመጠ ወዲህ ሁለት ቀን ያህል ያቆየናል።

ሻጩ ያልነገረን ሌላ ነገር ጸሐይ ነው። የጦሳ ተራራ ከከተማው በስተምዕራብ ስለቆመ ጸሐይ ከሰዓት ቶሎ ትሸሸጋለች። የእኛ ቤት ፊቱ ወደ ጦሳ ነው። 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ባለ ብርዳም ከተማ ይሄ ቀላል አይደለም፤ የታጠበ ልብስ ሁለት ቀን ይፈጃል። ወደ ምሥራቅ የሚያየው ጎረቤታችን ቤት ረፋዱን ሙሉ ጸሐይ አለው። ዋጋው እኮ እኩል ነበር።

ጥር ላይ ሁለተኛ ፎቅ የነበሩት ጋሼ አረፉ። ደረጃው ጠባብ ነው። ወንዶቹ ሳጥኑን ይዘው መታጠፊያው ላይ ቆሙ፣ እንዴት እንደሚያዞሩት ሲመካከሩ ልጃቸው ከላይ ሆና ታያለች። ያንን አልረሳውም። ድንኳን የሚተከልበት ቦታ ደግሞ የሱቆቹ ደጃፍ ብቻ ነው። ጠብ ይመጣል ብዬ ፈርቼ ነበር። ባለሱቆቹ ራሳቸው መጥተው «አብሽሩ፣ ትከሉ» አሉን። ሦስት ቀን ገበያቸውን ትተው አብረውን ተቀመጡ። የካፌው ልጅ ቡናውን ከራሱ አፈላ። በሰዎቹ ደግነት አለፈ እንጂ ህንጻው ለለቅሶ የሚሆን አንድ ካሬ እንኳ አልተተወለትም።

ልትገዙ ያሰባችሁ፣ ቤቱን ሐምሌ ላይ ሂዱና እዩት። ፊቱ ወዴት እንደሆነ፣ ምጣዱ የት እንደሚቀመጥ፣ ድንኳን የት እንደሚተከል ጠይቁ። አቅመ ደካማ እናት ወይም አባት ካላችሁ ከሁለተኛ ፎቅ በላይ አትውጡ።

እኛ ግን አንሸጥም። ከለቅሶው ወዲህ የባለቤቶች ማህበራችን ጠንክሯል። የጋራ ሕንጻ ቤት ባለቤትነት አዋጅ ቁጥር 370/1995 እንደ ጣሪያና ደረጃ ያሉትን የሁላችንም የጋራ ያደርጋቸዋል። ባለሱቆቹም ነዋሪዎቹም ተስማምተን ጣሪያው ላይ የምጣድ ቤትና የበርበሬ ማስጫ ልንሠራ እያዋጣን ነው። ቆርቆሮው ተገዝቷል። እማዬ የት ጋ ጸሐይ እንደሚበረታ አይታ ቦታውን መርጣለች።