ለመስታወትና ለቸርኬ፦ ክሌይ ባር፣ የክሌይ ጓንት ወይስ አሲድ?

ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ግቢ ውስጥ መኪናዬን ሳጸዳ ያየኝ ሁሉ የሚጠይቀኝ አንድ ነው። «ያ እንደ ሊጥ የምታሸው ነገር ምንድን ነው? ስንት ገዛኸው?» ባለፈው ወር አንድ ጎረቤቴ ጠይቆኝ ሄደና ርካሹን ገዝቶ መጣ። እኔ የከሰርኩትን እሱም ከሰረ። ስለዚህ አንዴ ልጻፈው ብዬ ነው።

ነገሩ ክሌይ ባር ይባላል። ውሃና ሳሙና እምቢ ያላቸውን፣ መስታወትና ቸርኬ ላይ የተጣበቀውን ቆሻሻ ነቅሎ ራሱ ውስጥ ይይዛል። እኛ ሰፈር ደግሞ ይህ ቆሻሻ ሞልቷል። የከባድ መኪናው ጭስ፣ የግንባታው አቧራ፣ አስፋልት ሲነጠፍ የሚረጨው ሬንጅ፣ ብረት ቤቶች ሲበይዱ የሚበተነው ብናኝ። ቸርኬ ላይ የሚጠቁረው በአብዛኛው ከፍሬን ሸራና ከዲስኩ የሚወጣ ብናኝ ነው። ብረት ስላለበት ተጣብቆ ይዝጋል። የፊት ፍሬን የበለጠ ስለሚሠራ የፊት ቸርኬዎች ይብሳሉ።

መኪናችሁ ያስፈልጋት እንደሆነ ለማወቅ እጃችሁን ቀጭን ፌስታል ውስጥ አስገቡና የታጠበውን መስታወት ዳስሱ። እንደ አሸዋ ከሻከራችሁ ያስፈልጋታል።

አሁን ወደ ዋጋው። ብዙ ሰው ቸርኬ የሚያስጸዳው ላቫጆ ውስጥ በአሲድ ነው። እኔ ከእጥበቱ ሌላ 150 ብር ነበር የምጨምረው። በደቂቃ ቸርኬው ያበራል። አንድ ዓመት በየወሩ አሠራሁ፤ 1,800 ብር ማለት ነው። ከዚያ የቸርኬው ሽፋን ነጭ ነጭ ማለት ጀመረ፤ ቀስ እያለ ተላጠ። አራቱን ለማስቀባት 6,000 ብር ከፈልኩ። ድምሩ 7,800። የሚያጥበውን ልጅ አልወቅሰውም። ጄሪካኑ ላይ ምንም ጽሑፍ የለም፣ እሱም ያለ ጓንት ነው የሚሠራው። አንዳንድ የቸርኬ ማጽጃ ውስጥ ሃይድሮፍሎሪክ አሲድ ይገባል። ይህ አሲድ ቆዳ አልፎ አጥንት ይጎዳል፤ መስታወትም ይበላል። መኪናዬ ቀርቶ ልጁ ራሱ ያሳስበኛል።

የድስት መፈግፈጊያ ሽቦ በርካሽ ይገኛል፤ ግን መስታወት ይቧጭራል፣ ጭረቱም አይወጣም። በምላጭ የሚፍቁም አሉ። ከኋላ መስታወት ውስጥ ያሉትን የማሞቂያ መስመሮች ከቆረጠ ግን የተቆረጠው መስመር ማሞቅ ያቆማል።

ዋናው ጣጣ ያለው ፎርጅዱ ክሌይ ላይ ነው። የመጀመሪያዬን መርካቶ ከአንድ ሱቅ በ450 ብር ገዛሁ። ኦርጅናሉ 1,100 ሲባል ሰምቼ ስለነበር 650 ብር ያተረፍኩ መስሎኝ ነበር። ስጠቀምበት ቀለሙ መስታወቱ ላይ ቀረ። እንደ ቅባት ተለጠፈ፣ እየተፈረፈረ የመስታወቱ ዙሪያ ጎማ ሥር ገባ። በነጭ ጋዝ በነከርኩት ጨርቅ ሁለት ሰዓት ለቀምኩት። ያንን ማታ የከባድ መኪና መብራት ከፊት ሲመጣ መስታወቱ ሁሉ ደመና ሆነብኝ። መንገዱን ማየት አቃተኝ። 650 ብር ለዚህ አይበቃም።

ስትገዙ ካርቶኑን አስከፍቱ። ጫፉን ቆንጥጣችሁ በጣታችሁ እሹት። ኦርጅናሉ ሲሳብ ይለጠጣል፣ ፎርጅዱ ይበጠሳል፤ ጣት ላይም ቀለም ይተዋል። ግራሙና ለስላሳ ወይም ሻካራ መሆኑ ካልተጻፈ አትግዙ። ለስላሳውን ምረጡ። በጠዋት ብርድ ግን ኦርጅናሉም ስለሚደርቅ ሙቅ ውሃ ውስጥ ትንሽ አቆዩት እንጂ አትጣሉት።

እንደ ክሌይ የሚሠራ የላስቲክ ገጽ ያለው የክሌይ ጓንትስ? 1,900 ብር ተባልኩ። ለሰፊ ቦታ ፈጣን ነው። መሬት ቢወድቅም ታጥቦ ያገለግላል፤ ክሌይ ባር ግን አንዴ ከወደቀ አሸዋ ስለሚይዝ ይጣላል። የጓንቱ ጥቅም ይሄ ነው። ቸርኬ ላይ ግን አይመችም፤ በዘንጎቹ መካከል አይገባም። ከጓደኛዬ ተውሼ የሞከርኩት ደግሞ በሦስተኛው ጊዜ የላስቲክ ገጹ ከስፖንጁ ተላቀቀ። ቪትዝ ለሚነዳ ሰው 1,900 አልከፍልም።

የእኔ ምርጫ ኦርጅናል ለስላሳ ክሌይ፣ 200 ግራም፣ በ1,100 ብር ነው። አራት ቦታ እቆርጠዋለሁ፤ አንዱ ቁራጭ 275 ብር መጣ። በአንዱ የቪትዜን መስታወት አምስት ጊዜ ሠርቼበታለሁ። ሲጠቁር ለቸርኬ አወርደዋለሁ፣ ሦስት ጊዜ ይሠራል። ስምንት ጊዜ በ275 ብር ማለት አንዱ ጊዜ 35 ብር እንኳ አይሞላም። ቸርኬ የነካው ወደ መስታወትም ወደ ቀለምም አይመለስም። የተረፈው በተዘጋ ዕቃ ይቀመጥ፣ እንዳይደርቅ።

አሠራሩ ቀላል ነው። መጀመሪያ መኪናውን እጠቡ። ጥላ ውስጥ፣ መስታወቱም ቸርኬውም ሲቀዘቅዝ፣ አንድ ሊትር ውሃ ውስጥ ትንሽ የመኪና ሻምፖ ጨምራችሁ በደንብ እርጩ። ክሌዩን ሳትጫኑ ወዲህ ወዲያ አንሸራትቱ። ከተንገራገጨ ውሃ አንሷል። ሲቆሽሽ እጠፉትና ንጹሑን ገጽ አውጡ። የዝናብ መጥረጊያውን ላስቲክም አብራችሁ ጥረጉ፤ አለዚያ ቆሻሻውን መልሶ ይቀባባችኋል።

ትልቅ የሬንጅ ጠብታ ክሌዩን ስለሚጨርሰው አስቀድሞ በነጭ ጋዝ ይጠረግ። የጉድጓድ ውሃ የሚተወውን ነጭ ነጠብጣብ በአቼቶ ሞክሩት። በርካሹ ይለቃል። መስታወቱን ራሱ የበላውን ነጠብጣብና የመጥረጊያ ጭረትን ግን ክሌይ አያወጣም፤ ያወጣል ብሎ የሚሸጥላችሁን አትመኑ።

1,100 ብር በአንዴ ከከበዳችሁ ከጎረቤት ጋር ለሁለት ግዙ። 550 ይደርሳችኋል፣ ሁለት ሁለት ቁራጭ። እኔና ያ ጎረቤቴ የሚቀጥለውን እንዲህ ልንገዛ ተስማምተናል።